የአባዱላዋ የጋዝ ጎማዎች፦ ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 16

መስከረም 30

ሸራውን ዛሬ ገፈፍኩት። አባዱላዋ ሁለት ክረምት ሙሉ ጎንደር ያለው ግቢያችን ጥግ፣ የኮክ ዛፉ ሥር ከርማለች።

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ያረጀች ሚኒባስ ነች። ወንበሮቿን አውጥተን አልጋ፣ መደርደሪያና የጋዝ ምድጃ አስገባንባት። የኋላ በሯ ሲከፈት እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ሌላ ምድጃም አላት። የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ምግብ የማበስለው በእሷ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያም የሚታወቀው። እንግዳው ሲጠፋ እሷም ቆመች።

የእህቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጥቷል። ከጎረቤት ባትሪ ተውሰን ስንሞክራት በሁለተኛው ተነሣች። ልጁ ጮቤ ረገጠ።

«በቃ ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ሳንካበር ነና!» የሰሜን ተራሮቹን ካምፕ ማለቱ ነው።

እኔ ግን ዓይኔ የሲሊንደሩ ሳጥን ላይ ነው። ሁለት ዓመት ያልተነካ የጋዝ መስመር ዝም ተብሎ አይለኮስም።

ጥቅምት 1

ሳጥኑን ከፈትኩ። የተቀበለኝ የአይጥ ጎጆ ነው። ከፍራሼ የተመዘዘ ስፖንጅ፣ ገለባ፣ የሎተሪ ቲኬት ቁራጭ። ሁሉን ዝቄ ሳወጣ ሳጥኑ ወለል ላይ ያለችው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፋ አገኘኋት።

ይቺ ቀዳዳ ቀልድ አይደለችም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ሲያፈስ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። አልጋችንም ያለው እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። ቀዳዳዋ የተበሳችው የፈሰሰው ጋዝ መኪናው ውስጥ ከሚጠራቀም ውጭ መሬት ላይ እንዲወርድ ነው።

ማን ነው የወተፈው ብዬ ልናደድ ስል ጨርቁን ለየሁት። የራሴ የድሮ ካናቴራ ነው። ከደባርቅ በላይ ያለው የኮረኮንች አቧራ ሲያስቸግረኝ «ለጊዜው» ብዬ እኔው ወትፌዋለሁ። ለጊዜው የተባለው ስንት ሌሊት እንግዳ አስተኝቶ እንዳለፈ ሳስበው ዝም አልኩ። ልጁም ዝም አለ። አሁን በቀዳዳዋ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጌባታለሁ፤ አይጥ አታስገባም፣ አየር ግን ታሳልፋለች።

ጎማዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሬጉሌተሩ፣ የሲሊንደሩን ግፊት ከሚቀንሰው ዕቃ፣ ተነሥቶ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ እስካለው የመዳብ ቱቦ ይደርሳል። ሁለተኛው ከመዳብ ቱቦው ወደ ውስጠኛው ምድጃ ይሄዳል። ሦስተኛው ወደ መሳቢያው ምድጃ ነው፤ መሳቢያው በተሳበና በተገፋ ቁጥር ይተጣጠፋል።

ጥቅምት 2

ዛሬ ማየት ብቻ ነው። ሲሊንደሩን አውጥቼ ግቢ ውስጥ ጥላ ላይ አቆምኩት። ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል፣ ፈሳሹ ደግሞ ወደ ጋዝ ሲቀየር 270 እጥፍ ገደማ ይሰፋል።

አንደኛውን ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ቀጥ ብሎ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ከዚያ አውራ ጣቴ ላይ ጠመዘዝኩት። በበጋ ቅባት ያላየ ተረከዝ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቆቹ ጎማው ሲቃና ይደበቃሉ፣ ሲታጠፍ ይከፈታሉ። ከሬጉሌተሩ አንድ ስንዝር ርቆ ደግሞ አራት የአይጥ ጥርስ ምልክት አለ። አልበሳችውም፤ ቀምሳው ትታዋለች።

ልጁ በስልኩ መብራት ጎማው ላይ የታተመውን ያነባል።

«ይሄ እኮ ገና ነው ጋሼ። 03-2014 ይላል። አራት ዓመቱ ነው።»

«በማን አቆጣጠር?»

ትንሽ አሰበና «ውይ» አለ።

ጎማው የፈረንጅ ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ ነው። በእኛ 2006 መሆኑ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ጀርመኖች የካምፐር ጋዝ ጎማ በ10 ዓመት ይቀየር ይላሉ። ጣሊያኖች ለቤት ምድጃ ጎማ 5 ዓመት ነው የሚሰጡት። እኛ ደግሞ እስኪፈነዳ። ይቺ የቀን ነገር ብዙ ሰው ትሸውዳለች ብዬ እገምታለሁ፤ በተለይ ገበያ ላይ «አዲስ ነው፣ ቀኑን እይ» ሲባል።

ሁለተኛው ጎማ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም። ዓመተ ምሕረት የለ፣ የጋዝ ነው የሚል የለ። የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ የቸኮልኩበትን ምክንያት አላስታውስም። በመደርደሪያው ጀርባ ሲያልፍ የላሜራውን ጠርዝ ተደግፏል። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ እዚያች ቦታ ላይ ተፍቆ ተፍቆ መስታወት መስሏል። በጣት ሲዳሰስ ከሌላው ቦታ የሳሳ መሆኑ ይታወቃል። እዚህ ለመድረስ መደርደሪያውን መፍታት ነበረብኝ፣ ስምንት ቪቴ። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ያላየሁት።

ሦስተኛው የ2021 ብርቱካናማ ጎማ ነው፣ በፈረንጁ። በዕድሜ ከሁሉም ልጅ። እሱን ደህና ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ፋሸታውን፣ ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቀውን የብረት ቀበቶ፣ ፈትቼ ሳነሣው ግን ከሥሩ ጎማው ተቆርጧል። ፋሸታው ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ነው። ሲጠብቅ በየቀዳዳው ጎማውን እየነከሰ ይገባል። እኔ ደግሞ በጠበቀ ቁጥር ይሻላል ብዬ እስከ መጨረሻው አጥብቄዋለሁ። ከላይ ሲታይ ግን ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነበር።

(በነገራችን ላይ፦ ፋሸታ፣ ቪቴ፣ ላሜራ፣ ዳዶ፣ ጎሚኒ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የፒያሳን ሕንፃዎችና የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄደ።)

ጥቅምት 4

ሦስቱም ጎማ ሊጣል ነው። «ታዲያ የሚጣል ነገር ምን ያስፈትናል?» አለ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመዳብ ቱቦው፣ ማያያዣዎቹና የምድጃዎቹ መክፈቻዎች አይጣሉም። እነሱ ያፈሱ እንደሆን አሁን ካላወቅኩ አዲሱን ጎማ ገጥሜ ስፈልግ ልከርም ነው።

የፈተንኩት በጋዝ አይደለም፣ በአየር ነው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ሁለት ሜትር ገዛሁ። በጣውላ ላይ እንደ ዩ ፊደል አጥፌ በሚስማር አሠርኩት። መሐሉ ላይ ሜትር ለጠፍኩ። የቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ሞላሁበት፣ በደንብ እንዲታይ። አንዱን ጫፍ የውስጠኛው ምድጃ ጋዝ መትፊያ ላይ ሰካሁት፣ ሌላው ጫፍ ክፍት ነው። በአንደኛው ጎማ መነሻ በኩል ከአሮጌ ምድጃ የፈታሁትን መክፈቻ ገጠምኩና በብስክሌት ፓምፕ አየር ማስገባት ጀመርን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሬጉሌተሩ ላይ የሚያወጣው ግፊት 30 ሚሊባር ይላል። ይህ በውሃ ሲለካ በሁለቱ ክንዶች መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ነው። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ልጁ ፓምፑን እንደ መኪና ጎማ ነፋው። ውሃው በክፍቱ ጫፍ ተስፈንጥሮ ሸሚዜን ቀይ ሥር አደረገው። ይሁን፣ ይህም ጥቅም አለው። ግፊቱ ሲበዛ ውሃው ራሱ ይወጣል እንጂ የምድጃው መክፈቻ አይጎዳም። ድጋሚ ሞላን። አሁን በቀስታ። 35 ላይ ቆመ። መክፈቻውን ዘጋን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይህን ያደረግነው። በአምስት ደቂቃ 36 ሆነ። ከዚያ 38።

«ጋሼ፣ እየጨመረ ነው! ጎማው ራሱን ጠገነ እንዴ?»

ፀሐይዋ የግቢውን አጥር አልፋ የመኪናዋን ጎን ይዛዋለች። የመዳብ ቱቦው ያለው በዚያ በኩል ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የውሃው ልዩነት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አንድ ዲግሪ ብቻ! ስለዚህ ፀሐይ ላይ የሚደረግ ፈተና ውሸታም ነው። የሚያፈስ መስመር ደህና ያስመስላል፤ ደመና ሲመጣ ደግሞ ደህናውን ያስጠረጥራል። ሸራውን መልሰን አለበስናትና ምሳ በላን።

ከሰዓት በኋላ በጥላ ስንደግመው እውነቱ ወጣ። በ10 ደቂቃ ከ35 ወደ 29 ወረደ።

ሳሙናው አሁን መጣ። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጬ በስፖንጅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀባሁ። በረኪና ያለበት ማጽጃ አልጠቀምም፣ ነሐሱን ይበላዋል። የሦስተኛው ጎማ ፋሸታ ሥር ወዲያው አረፋ ወጣ። ትልቅ አይደለም። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ የሚመስል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙ። ሌላው ግን አስቸገረ። ሁሉን ቀብቼ ምንም የለም። በመጨረሻ በእናቴ የፊት መስታወት የማያያዣውን ጀርባ ሳየው የመሳቢያው ምድጃ ዳዶ ሥር አንዲት አረፋ ተቀምጣለች። አታድግም፣ አትፈነዳም። ደቂቃ ቆይታ ሁለት ሆነች። ከፊት ለፊት ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ አልፌያት ነበር።

አንድ የሰፈራችን የድሮ መካኒክ በበሩ ሲያልፉ ቆመው አዩን።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? እኛ በክብሪት ነበር የምናየው።»

«ጋሼ ሙት፣ ለዚህ ነዋ ቅንድብዎ የሳሳው!»

ሳቁ። ከዚያ ግን ገብተው ዳዶውን አዩልኝ። «ቴፍሎን ጠምጥመህበታል» አሉኝ። ጠምጥሜበታለሁ። «ይሄ በመዳቡ አፍ ነው የሚይዘው እንጂ በጥርሱ አይደለም። ቴፍሎኑ አፉ እንዳይገጥም እያደረገው ነው።» ፈትተን ቴፍሎኑን አጸዳን፣ እንደገና አሰርነው፣ አረፋው ጠፋ። በክብሪት ያዩ የነበሩ ሰው ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ቡና አፍልተንላቸው ሄዱ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አራዳ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰው ከበግ ጋር ይጋፋል። ሰባት ሱቅ ገባሁ።

የመጀመሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ የውሃ ጎማ ሰጠኝ። «ጎማ ያው ጎማ ነው ወንድሜ።» ያው አይደለም። ጋዙ ተራውን ፕላስቲክ ከውስጥ እየበላ ያደርቀዋል፤ ምድጃ አጠገብ ደግሞ ሙቀቱን አይችልም። ሁለተኛው የኮምፕሬሰር ጎማ አመጣ። ጠንካራ ነው፣ የተሠራው ግን ለንፋስ ነው። ሦስተኛው ትክክለኛውን አገኘ፤ ኤልፒጂ (የሲሊንደር ጋዝ) ይላል፣ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር፣ የሚችለው ግፊት ተጽፎበታል። ቀኑን ስፈልግ ግን 2016 ይላል፣ በፈረንጁ። መደርደሪያ ላይ ነው ያረጀው። ጎማ ሳይሠራም ይደርቃል። ባለሱቁ «አንድም ቀን አልተነካም እኮ» ብሎ ተቆጣ። የእኔዋም ሁለት ዓመት አልተነካችም።

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ሱቅ ውስጥ የ2024 አገኘሁ። ዋጋው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር በልኩ አስቆረጥኩ። ረጅም ጎማ ምቹ ይመስላል፣ ግን ትርፉ ከመደርደሪያ ጀርባ ተጠምዝዞ የሚፋቅበትን ቦታ ይፈልጋል። አዲስ ሬጉሌተርም ጨመርኩ። ሬጉሌተር ውስጥ ያለው ስስ ሽፋንም ጎማ ነው፣ እሱም ያረጃል፣ እሱ ግን አይታይም። የድሮውን ስነቅለው አፉ ላይ ቢጫ ቅባት ነበረበት። ከአሮጌው ጎማ ውስጥ ታጥቦ የመጣ ነው።

ፋሸታዎቹም ተቀየሩ። ለስላሳ ቀበቶ ያላቸውን ወሰድኩ።

ጥቅምት 9

መግጠም። አዲስ ጎማ ነሐሱ ላይ አልገባ ሲል ዘይት መቀባት የሚቀናው ሰው አለ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ዘይት ጎማውን ያበላሻል፣ በኋላም ያንሸራትተዋል። የጎማውን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ነከርኩት፣ ለሰለሰ፣ እስከ መጨረሻው ገባ። ፋሸታውን ከነሐሱ ጥርሶች ኋላ አድርጌ ጎማው ጠበቅ ሲል አቆምኩ። ካቻቢቴው «ትንሽ ጨምር» ይላል። አልጨመርኩም።

ሁለተኛው ጎማ የሚያልፍበትን የላሜራ ጠርዝ በሞረድ አለሰለስኩ፤ የከመነዳሪ ቁራጭም ሰንጥቄ ጠርዙን አለበስኩት። የሦስተኛው መንገድ ተቀይሯል። መሳቢያው ሲገፋ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ይሰበር ነበር። አሁን ሰፋ ያለ ቀለበት ሠርቶ ይተኛል። ልጁ መሳቢያውን ሃምሳ ጊዜ ያህል አወጣና አስገባ፣ እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ከሥር አየሁ። አይነካም፣ አይጣመምም።

ጥቅምት 10

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትመጣ። በአየር 35። ከ10 ደቂቃ በኋላ 35። ልጁ ጣውላውን ነካ ነካ አደረገው፣ ውሃው የተጣበቀ መስሎት። 35።

ከዚያ በጋዝ። በሮቹ ሁሉ ክፍት፣ እሳት የለም፣ እናቴ ከሰል እንዳታቀጣጥል ተለምናለች። ምድጃው ጠፍቶ ሲሊንደሩ ሲከፈት 33 አሳየ። ሳይነድ ትንሽ ከፍ ማለቱ የሬጉሌተር ባሕርይ ነው። ሲሊንደሩን ዘጋሁና ትንሽ ጋዝ ለቅቄ ወደ 25 አወረድኩት። ይህን የማደርገው በቫልቩና በሬጉሌተሩ መሐል የቀረችው ጋዝ የሚፈሰውን እየሞላች እንዳትሸውደኝ ነው። 10 ደቂቃ። 25። የሲሊንደሩን አንገት በሳሙና ነካሁ፣ ማሸጊያው ጎሚኒም ደህና ነው። ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አጥቤ አደረቅኩት።

ጥቅምት 15

ሳንካበር ሩቅ ነው፣ ጊዜውም ገና ነው። እስከ ኮሶዬ ብቻ ሄድን። ሲሊንደሩ በመንገድ ላይ ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ በቀበቶ ታስሮ። ስንደርስ የመጀመሪያው ሥራዬ ሳጥኑን ከፍቼ ማሽተት ነበር። ሽታው የተጨመረ ነው፣ ጋዙ በራሱ አይሸትም። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያሸተተው ገና ከመኪናው የወረደው ልጁ ሳይሆን ውጭ ንፋስ ላይ የቆየሁት እኔ ነኝ። ምንም የለም። ስፖንጁንም አልዘነጋሁም፣ ከመንገዱ ንቅናቄ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ አየሁ።

የውስጠኛው ምድጃ አንዱ እሳት ቢጫ እየሆነ የድስቱን ቂጥ አጠቆረው። ከፍታው ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ነቅዬ ሳየው አየርና ጋዝ የሚቀላቀሉበት ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። በጥርስ ብሩሽ አወጣኋት። ሰማያዊ ሆነ። ሽሮ ፈላ፣ ቡናም ተጠጣ። ገደሉ ሥር ያለው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ምንም አላየንም።

ማታ ብርድ ነበር። ልጁ «ምድጃውን ለትንሽ እንለኩሰውና እንሙቅ» አለ። ከሰል ቤት አስገብቶ የተኛ ሰው ምን እንደሆነ በየሰፈራችን ሰምተናል። የጋዝ እሳትም በተዘጋ ቤት ያንኑ ያደርጋል። ሲሊንደሩን ዘግቼ፣ መስኮት ከፈት አድርጌ፣ ሁለት ጋቢ ደረብንና ተኛን።

ጥቅምት 16

ተመለስን። የአዲሶቹን ጎማዎች ቀን በእኛም በፈረንጁም ጽፌ ሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩ። አሮጌዎቹን ልጁ በመጋዝ እየቆራረጠ ነበር፣ ማንም አንሥቶ እንዳይጠቀምባቸው። እናቴ ከኩሽና ወጣች።

«ያንን ብርቱካኑን አትቁረጠው፣ ደህና አይደል እንዴ? ለእኔ ሲሊንደር ይሆነኛል።»

«የአንቺው ምን ሆነ እማዬ?»

«ምንም አልሆነም። ትንሽ ደርቆብኛል እንጂ።»

ገባሁ። ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ በስልኬ አበራሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ የነበረ፣ አሁን ቡናማ የሆነ የውሃ ጎማ። ጽሑፍ የለውም። ፋሸታ የለውም፣ በሽቦ ነው የታሠረው። በቀን ሦስት ጊዜ የምትለኩሰው ይህንን ነው። ሲሊንደሩን ዘጋሁት። እራት በከሰል፣ ውጭ በረንዳ ላይ ተሠራ። ነገ ጠዋት ወደ ፒያሳው ሱቅ እመለሳለሁ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃል።